ጉዳዩ፦ ሴት ጥጃ ለማግኘት ከፍዬበት ስለተሰጠኝ የማዳቀል አገልግሎት

ለድርጅቱ አስተዳደር

ሱሉልታ ውስጥ ጥቂት የወተት ላሞች አረባለሁ። ባለፈው ጥር ሦስት የሆልስታይን ዲቃላ ጊደሮቼን ፆታው በተለየ አባላዘር፣ ማለትም ሴት ጥጃ እንዲያስወልድ በተለየ የኮርማ ዘር፣ እንድታዳቅሉልኝ ከፈልኩ። ዋጋው ከተራው በብዙ ይበልጣል፤ ቅር አላለኝም። ወተት ሸጦ ለሚያድር ሰው ሴት ጥጃ ማለት የነገ ላም ናት።

ሁለቱ በ21ኛው ቀን ተመልሰው ኮርማ ፈለጉ። አንዷ ጥቅምት ላይ ወንድ ወለደች። ስደውል «ዕድል ነው» ተባልኩ።

ዕድል እንዳለበት አውቃለሁ። ከ100 ጥጆች 10 ያህሉ ወንድ ይሆናሉ። የመፀነስ ዕድሉም ከተራው ዝቅ ይላል፤ በተራው ስትሮው (አባላዘሩ በሚቀመጥበት ቀጭን ቱቦ) 20 ሚሊዮን ገደማ የዘር ሕዋስ ሲኖር በዚህኛው ያለው 2 ሚሊዮን ገደማ ነው። ቅሬታዬ በጥጃው አይደለም። እሱ ጤነኛ ነው፣ ግቢው ውስጥ እየቦረቀ ነው።

ቅሬታዬ በዓይኔ ባየሁት ነው። ቴክኒሻናችሁ በጠዋት መጣና «ሙቅ ውሃ አምጡልኝ» አለ። ባለቤቴ ለሻይ ከጣደችው በብርጭቆ ቀድታ ሰጠችው። ጣቱን ነከር አድርጎ «ደህና ነው» አለ። ቴርሞሜትር አልያዘም። ውሃው ከ35 እስከ 37 ዲግሪ መሆን እንዳለበት እኔ እንኳ አውቃለሁ። ከዚያ ሦስቱንም ስትሮው በረዶ ሆነው ከሚቀመጡበት ፈሳሽ ናይትሮጅን አውጥቶ በአንድ ላይ ውሃው ውስጥ ነከራቸው። የመጀመሪያዋን ጊደር ሲያዳቅል ሁለቱ ስትሮዎች ብርጭቆው ውስጥ ቀሩ። የሱሉልታን የጥር ብርድ ታውቁታላችሁ። የፀነሰችው ደግሞ ያቺ የመጀመሪያዋ ብቻ ናት። 2 ሚሊዮን ብቻ የያዘ ነገር እንዲህ ይያዛል?

ባዶዎቹን ስትሮዎች ስጠኝ፣ በላያቸው ያለውን የኮርማውን ኮድ ልጻፍ ብዬ ብጠይቀው ከጓንቱ ጋር ጠቅልሎ ይዟቸው ሄደ። ደረሰኙ ላይ «ማዳቀል፣ 3» ከሚል በቀር ምንም የለም። ታዲያ የገባው እውነት የከፈልኩበት አባላዘር መሆኑን በምን ልወቅ? የዕድሉን ነገር የምቀበለው ይህ ሲታወቅ ነው።

ሁለቱን ድጋሚ እንድታዳቅሉ ሦስት ጊዜ ደወልኩ፤ «እንመጣለን» ብላችሁ ቀራችሁ። በመጨረሻ በጎረቤት ኮርማ አስጠቃኋቸው።

የምጠይቀው፣ የሦስቱን ስትሮዎች ኮድ ከመዝገባችሁ በጽሑፍ እንድትሰጡኝ፣ የሁለቱንም ክፍያ እንድትመልሱልኝ ነው። ኮዱ ከሌላችሁ የሦስተኛዋንም መልሱ። የወለደችው ላም በቅርቡ ኮርማ ትፈልጋለች፤ ከዚያ በፊት መልሳችሁን እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ