ለእህቴ፣ ስለ እማዬ እጆች

እህት ዓለም፣

ሰላምታውን ባጭሩ ልለፈው። እኔ ደህና ነኝ፣ ሥራም አለ፣ ስለኔ አታስቡ። የእማዬ እጆች አብጠው እያመሟት ነው የሚለው መልእክትሽ ከደረሰኝ ወዲህ ሐሳቤ ሁሉ እሷ ላይ ነው። ገንዘቡን ልኬያለሁ፤ የሰርግሽ ለብቻው አለ፣ ይሄኛው ለእሷ ሕክምና ብቻ ነው። እንዳትቀላቅዪው።

«እርጅና ነው» ብላችሁ ግን አትለፉት። በዕድሜ የሚመጣው የመገጣጠሚያ መጎዳት በብዛት ጉልበትን፣ ዳሌን፣ የአውራ ጣት ሥርንና ወደ ጥፍር የሚጠጋውን የጣት መገጣጠሚያ ነው የሚይዘው። ሲሠሩበት ይብሳል፣ ሲያርፉ ይሻላል፤ ጠዋት ቢያስርም ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይፍታታል። እማዬን የያዛት የእጅ አንጓዋንና ጣቶቿ ከመዳፏ የሚጋጠሙበትን ነው፣ ያውም ሁለቱንም እጅ። ጠዋት ከሰዓት በላይ አልታጠፍ ይሏታል ብለሻል። ይሄ ሩማቶይድ አርትራይተስን ያስጠረጥራል፤ የሰውነት መከላከያ ራሱ መገጣጠሚያውን የሚያጠቃበት በሽታ ነው። እስቲ እጇን እንደ ሰላምታ ያዢና አራቱ ጣቶች የሚነሱበትን መስመር ከጎንና ከጎን በቀስታ ጨመቅ አድርጊው። ካመማት፣ እብጠቱም ለስለስ ያለ እንጂ እንደ አጥንት የጠጠረ ካልሆነ፣ ለሐኪሙ ይህንኑ ንገሪው። ከ6 ሳምንት በላይ እንደቆየባትም አትርሺ።

የሚታዘዙት የደም ምርመራዎች ኢኤስአርና ሲአርፒ (ሰውነት ውስጥ ብግነት መኖሩን የሚያሳዩ)፣ ሩማቶይድ ፋክተርና አንቲ ሲሲፒ (ከዚህ በሽታ ጋር የሚያያዙ ፀረ እንግዳ አካላትን የሚፈልጉ) ናቸው፤ የእጅና የእግር ራጅም ይነሳል። ሩማቶይድ ፋክተር «ኔጌቲቭ» ቢባል በሽታው የለም ማለት አይደለም፤ በጤነኛ አረጋውያን ላይም «ፖዘቲቭ» የሚሆንበት ጊዜ አለ። ደሟ ውስጥ ዩሪክ አሲድ ከፍ ስላለ ብቻ ሪህ ነው ከተባለ ደግሞ ጠይቂ። ሪህ ሲጀምር ብዙውን ጊዜ በድንገት፣ በሌሊት፣ አንድ መገጣጠሚያ ላይ ይነሳል፤ በተለይ የእግር አውራ ጣት ላይ።

ከተረጋገጠ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው በሜቶትሬክሴት ነው፤ መገጣጠሚያውን የሚያጠቃውን የሰውነት መከላከያ የሚያረግብ መድኃኒት ነው። እዚህ ላይ ልብ በዪልኝ፦ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በየቀኑ ከተወሰደ መቅኔን ያዳክማል፣ ሰው ሊገድልም ይችላል። ቀኑን ምረጡና የመድኃኒቱ ካርቶን ላይ በትልቁ ጻፊው፤ እኔም በዚያ ቀን እደውላለሁ። የሜቶትሬክሴትን ጉዳት ለመቀነስ አብሮ የሚታዘዘውን ቫይታሚን፣ ፎሊክ አሲዱን፣ ሐኪሙ ባለው ቀን ትውሰድ። ከመጀመሯ በፊት ሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ጉበት፣ ኩላሊትና የደም ሴል ይታይላት፤ ከዚያም በየጊዜው። አፏ ከቆሰለ፣ ካተኮሳት፣ ደረቅ ሳል ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ፣ መድኃኒቱን አቁማ ትታይ። ለሽንትም ሆነ ለሌላ ኢንፌክሽን ኮትሪሞክሳዞል ሊሰጧት ቢሉ ሜቶትሬክሴት እንደምትወስድ ንገሪያቸው፤ አብረው አይሄዱም።

ከሩቅ ሆኖ ማዘዝ ይቀለዋል ትዪኝ ይሆናል። በዪኝ። ሸክሙ አንቺ ላይ እንደወደቀ መች አጣሁት!

የሕመም ማስታገሻውን፣ ዳይክሎፌናክን፣ በላይ በላዩ መደራረቡን ግን ተዉት፤ ግፊት ላለባት ሴት ግፊቱን ይጨምራል፣ ኩላሊትና ጨጓራ ይጎዳል፤ የሚሸረሸረውን አጥንት ደግሞ አያድንም። ፕሬድኒሶሎን የሚባለው የስቴሮይድ መድኃኒት እብጠቱን ቶሎ ያወርደዋል፤ ስለሚያስደስት ነው ሰው ያለ ሐኪም እየገዛ የሚቀጥለው። ሲቆይ አጥንት ያሳሳል፣ የስኳር በሽታም ሊያመጣ ይችላል። ለሳምንታት ከወሰደችው በኋላም በአንድ ጊዜ አይቋረጥም፣ ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው።

ሰርግሽን በእሷ ምክንያት አታራዝሚው። ሜቶትሬክሴት ውጤቱ እስኪታይ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋልና «አልሠራላትም» ብላችሁ በመሃል እንዳታስቆሟት። አሁን ከጀመረች ለዚያ ቀን ሳትደርስልሽ አትቀርም፤ እጇን ይዘሽ ስትወጪ ማየት ነበር የኔ ምኞት። ፈቃድ እጠይቃለሁ፣ ቃል ግን አልገባም።

አንድ መገጣጠሚያ ብቻ ድንገት ቀልቶ፣ ግሎ፣ ካበጠና ትኩሳት ካላት በዚያው ዕለት ሆስፒታል ውሰጃት፤ መግል ሊሆን ስለሚችል ፈሳሹ በመርፌ ተቀድቶ መመርመር አለበት። ሌሊትም ቢሆን ደውዪልኝ።

ወንድምሽ