«ጥያቄ ታበዛላችሁ» ለምትሉን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ከግቢ ተማሪዎች ጋር ሻይ የጠጣ ሰው ይህን ወቀሳ ሳይሰማ አይቀርም፦ «ችግር ደርሶብን ለግቢው ፖሊስ ስንደውል፣ ስልኩን የምታነሣው ልጅ ሰው እንደመላክ ጥያቄ ታዥጎደጉድብናለች።» ያቺ ልጅ እኔ ነኝ፤ እኔ ካልሆንኩም ፈረቃ የምቀያየራት ባልደረባዬ ናት። ደሴ ውስጥ በአንድ የትምህርት ተቋም የጸጥታ ክፍል ስልክ እየተቀበልኩ በሬዲዮ ሰው አሰማራለሁ። የተቋሙን ስም አልጠቅስም፤ ነገሩ የአንድ ግቢ ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም። ጥያቄው ለምን እንደሚበዛ፣ አንዳንዴም ከሚገባው በላይ ለምን እንደሚበዛ ልናገር።

ደዋይ ሁሉ የሚጀምረው «ቶሎ ድረሱ» ብሎ ነው፤ እኔ ደግሞ «የት?» ብዬ። ኔትወርክ ይቆራረጣል፣ ባትሪ ያልቃል፣ ስልኩን ከእጅ የሚነጥቅም አይጠፋም። መስመሩ ሲቋረጥ ቦታውን ከያዝኩ፣ ምን እንደተፈጠረ ባላውቅም ሰው እልካለሁ። ምን እንደተፈጠረ ሰምቼ ቦታውን ካልያዝኩ ግን ከመጨነቅ በቀር የማደርገው የለም። እኔ ጋ የሚታየው የደዋዩ ቁጥር እንጂ ያለበት ስፍራ አይደለም።

የተለመደው ጥሪ ይህን ይመስላል፦

«ሀሎ! ሰው እየተደበደበ ነው፣ ቶሎ ድረሱ!»

«እሺ ወንድሜ፣ የት ነህ?»

«ግቢ ውስጥ ነዋ!»

«ግቢ ውስጥ የት ጋ?»

«አዲሱ ሕንፃ ጋ!»

እኛ ግቢ «አዲሱ ሕንፃ» የሚባሉ ሦስት ሕንፃዎች አሉ። ፍሬሽ ተማሪ አዲስ የሚለው ቀለሙ ያልደበዘዘውን ነው። ሲኒየሩ እሱ ሲገባ ይሠራ የነበረውን አዲስ እንዳለ ይመረቃል። ፕሮክተሮቹ (የዶርም ተቆጣጣሪዎቹ) ደግሞ የራሳቸው አዲስ አላቸው። ብሎኮቹ ቁጥር የላቸውም ማለቴ አይደለም፤ በፊት በር በኩል ብቻ ተጽፏል፣ እሱም ዝናብ በልቶታል። ጠቡ የሚነሣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከኋላ፣ መብራት በሌለበት በኩል ነው። ክረምት ላይ የጦሳ ተራራ ጉም ወርዶ ሲተኛብንማ የራሳችን ጥበቃ እንኳ የቆመበትን ሕንፃ በዳበሳ ነው የሚለየው።

እዚህ ላይ ደዋዮች የማያዩትን ልንገራቸው። እነሱን ስጠይቅ ስልኩ በግራ ጆሮዬ ነው፣ የቀኝ እጄ አውራ ጣት ደግሞ የሬዲዮው ቁልፍ ላይ። «ወንዶች ዶርም» የሚል ቃል በሰማሁ ቅጽበት የስልኩን አፍ በአገጬ ጋርጄ «ሦስት ቁጥር፣ ወደ ወንዶች ዶርም ተንቀሳቀስ፣ ዝርዝሩን መንገድ ላይ ትሰማለህ» ብያለሁ። ስለዚህ ጥያቄዬ የሚመጣውን ሰው አያዘገየውም፤ ሰውየው እየሮጠ ሳለ ነው የምጠይቀው። «ስለት አለ ወይ? ስንት ናቸው? የተጎዳ አለ?» የምለው ለወሬ አይደለም። ዱላ ብቻ የያዘ ጥበቃ ጩቤ ወዳለበት ብቻውን እንዳይገባ ነው። የተጎዳ ካለም ለክሊኒኩ ልደውል ወይስ ለቀይ መስቀል 907 የሚለውን የምወስነው በዚያው መልስ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ለማን ተሰጠ? የቅጥር ማስታወቂያው «የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት» ይላል። በዜሮ መቀጠሬን አልቃወምም፤ እኔም እንጀራ ያገኘሁት በእሱ ነው። የምቃወመው በዜሮ ተቀጥሮ በዜሮ መቀመጥን ነው። ሥልጠናዬ የመዝገቡን ዓምዶች መሙላትና የሬዲዮውን ባትሪ ቻርጅ ማድረግ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሌሊቱን ለብቻ። በካሊፎርኒያ ጀማሪ የፖሊስ ዲስፓቸር (እንደ እኔ ስልክ ተቀብሎ ሰው የሚያሰማራ) ቢያንስ 120 ሰዓት መሠረታዊ ሥልጠና መውሰድ አለበት። እዚያም ቢሆን ሁሉ ነገር አልጋ በአልጋ አይደለም፤ አሜሪካ በሥራ ምደባዋ እነዚህን ሠራተኞች ከቢሮ ጸሐፊዎች ተርታ ስትመድባቸው ኖራለች፣ «እኛ ጸሐፊ አይደለንም» የሚለው ሙግታቸውም የቆየ ነው። በሌሊቱ ፀጥታ በእጅ ስልኬ ሳነብ ይህን ሳገኝ ሳቄ መጣ። የእኔም መደብ ከስልክ ኦፕሬተር እኩል ነዋ።

አንድ ነገር ግን ከእነሱ ብንቀዳ ብር አይጠይቅም። በ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ሶልት ሌክ ሲቲ ውስጥ ጄፍ ክላውሰን የተባለ ሐኪም ለስልክ ተቀባዮች የጥያቄ ካርዶች አዘጋጀ። የታማሚው ችግር ምን እንደሆነ ሲታወቅ ካርዱ ይወጣል፤ ምን ብለህ እንደምትጠይቅ፣ እርዳታ እስኪደርስ ደዋዩን ምን እንደምታስደርገው ተጽፎበታል። እኔ ጋ እንዲህ ያለ ወረቀት የለም። ደሴ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ከቆላ የመጣ አስም ያለበት ልጅ የመጀመሪያውን ብርድ የሚቀምሰው ዶርም ውስጥ ነው። ጓደኛው ደውሎ «እያፈነው ነው» ሲለኝ «ሲናገር ዐረፍተ ነገር ይጨርሳል ወይስ ቃል በቃል ነው የሚያወጣው?» ብሎ መጠየቅ ትልቅ ነገር መሆኑን የነገረችኝ የክሊኒኳ ነርስ ናት፣ ያውም ቡና ስንጠጣ። ጥያቄ የምናበዛበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ የትኛው እንደሚጠቅም ያስተማረን ስለሌለ የመጣልንን ሁሉ እንጠይቃለን። በዚህ በኩል ወቃሾቻችን እውነት አላቸው።

በሹክሹክታ የሚደወሉት ደግሞ ይለያሉ። ሴት ተማሪ በር ቆልፋ፣ ደጅ የቆመው ሰው እንዳይሰማት ትንፋሿን ይዛ ትደውላለች። «አብሽሪ እህቴ፣ አለሁ። አዎ ወይም አይ ብቻ በዪኝ» እላታለሁ። የምታውቂው ሰው ነው? አዎ። በሩ ላይ ነው? አዎ። ብቻውን ነው? ዝም። እዚያ ላይ የማይጠየቀውን ማወቅ ከመጠየቁ ይበልጣል።

የቋንቋውም ነገር አለ። ተማሪ ከአገሪቱ አራቱም ማዕዘን እየተመደበ ይመጣል፤ ሲደነግጥ ደግሞ አማርኛው ይጠፋበትና በእናቱ ቋንቋ ይጮኻል። ከከሚሴ የመጣው ጥበቃችን ተረኛ ከሆነ ኦሮምኛውን እሱ ይጨርሰዋል። እሱ በሌለበት ሌሊት እኔው በጥቂት ቃላት እንፏቀቃለሁ። ለሶማሊኛና ለሌሎቹማ ማን አለ? የየቋንቋውን ተናጋሪ ሠራተኛ ስም ከስልኩ ጋር ጽፎ ጠረጴዛው መስታወት ሥር ማኖር የግማሽ ቀን ሥራ ነበር።

ስልክ ካልኩ አይቀር፣ በ2012 ዓ.ም. በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ግጭት ተነሥቶ የፌዴራል ፖሊስ ግቢ ከገባ ወዲህ «የግቢ ፖሊስ» የሚለው አጠራር ብዙ ሰው ያደናግራል። ተቋሙ የቀጠራቸው ጥበቃዎች አሉ፣ የከተማው ፖሊስ አለ፣ ፌዴራሎችም የተመደቡበት ጊዜ አለ። ሬዲዮው የሚያገናኘኝ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ብቻ ነው። ከሌሎቹ ጋር የምገናኘው በአንድ መኮንን የግል ሞባይል ነው። መኮንኑ ፈረቃ ሲቀይር ወይም ሲዛወር ስልኩም አብሮት ይሄዳል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ደውዬ «እኔኮ አሁን ወልድያ ነኝ፣ እህቴ» የተባልኩበት ጊዜ አለ። ስልክ ለሰው ሳይሆን ለቦታው ይመደብ፤ ተረኛ የሆነው ሁሉ የሚያነሣው አንድ ቁጥር ይኑር። ለፖሊስ 991 ደውዬ ግቢያችን የት እንዳለ ከማስረዳት ያድነኛል።

ሰዓቱንም ሳልጠቅስ ባልፍ ይቆጨኛል። የዕለት ሁኔታ መዝገቡ ላይ «ከሌሊቱ 7:10» ብዬ እጽፋለሁ። የካሜራው መቅጃ ያንኑ 01:10 ይለዋል፣ ቀኑንም በፈረንጆቹ ነው የሚቆጥረው። ጠዋት ላፕቶፕ ጠፋብኝ ባዩ ሲመጣ መርማሪው ምስሉን 7:10 ላይ ይፈልጋል፤ ያ ማለት ተማሪው ለቁርስ የተሰለፈበት ሰዓት ነው። ሌባውን ትቶ ፍርፍር የሚበሉ ልጆች ሲመለከት ይቆያል። ሁለቱን ሰዓት ጎን ለጎን የሚያስጽፍ አንድ ዓምድ ብትጨመር ይህ ሁሉ ባልመጣ። መዝገቡን የሚያሳትመው ክፍል ግን ሌላ ነው፣ እሱ ደግሞ ግዥን ይጠብቃል፣ ግዥ በጀትን።

በሌላ በኩል ተማሪዎችም አንድ ነገር አስቡልኝ። ቴሌግራም ላይ «ግቢ ተረብሿል» የሚል ወሬ በወጣ በደቂቃዎች ውስጥ ስልኬ ይጨናነቃል፤ የሚደውለው ሁሉ «እውነት ነው እንዴ?» ባይ ነው። እውነተኛው ተጎጂ በዚያ መሐል መስመር ያጣል። ጥፋቱ የተማሪው ብቻ ነው አልልም፤ የሚነግረው ሲያጣ ነው የሚጠይቀው። በሚያዝያ 1999 ዓ.ም. ቨርጂኒያ ቴክ በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በማለዳ ዶርም ውስጥ ተኩስ ተከፍቶ ሁለት ተማሪዎች ሲመቱ፣ ለግቢው ሰው የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ የተላከው ከ2 ሰዓት በላይ ዘግይቶ ነበር። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ገዳዩ ወደ ሌላ ሕንፃ ገባ፤ በጠቅላላው 32 ሰው ገደለ። ያ መዘግየት ተቋሙን ለዓመታት አስወቅሶታል። እኛ ጋ ተማሪው የሚከተለው አንድ የታወቀ የቴሌግራም ቻናል ኖሮ ተረኛው ኃላፊ ሁለት መስመር ቢጽፍበት የእኔ ስልክ ለተጎዳው ሰው ክፍት ይሆናል።

ሥልጠናው እስኪመጣ፣ ስልኩም እስኪመደብ ጊዜ ይወስዳል፤ አውቃለሁ። የሕንፃዎቹን ቁጥር በአራቱም ጎን በትልቁ መጻፍ ግን ቀለምና መሰላል ብቻ ነው የሚፈልገው። እስከዚያው የምትደውሉ ልጆች፣ መጀመሪያ የብሎኩን ቁጥር ንገሩኝ፣ ቁጥሩ ካልታያችሁ በአቅራቢያችሁ ያለውን ላውንጅ ወይም ላይብረሪ ጥሩልኝ፣ «በቃ መጡ» እስክላችሁም ስልኩን አትዝጉ። ቀለሙን የሚገዛ ክፍል ከተገኘ ደግሞ ከፈረቃዬ ውጪ መሰላሉን ለመያዝ እኔም እመጣለሁ።

(ስሜ ለዝግጅት ክፍሉ ይታወቃል)
ከደሴ