ቃለ ጉባኤ ያዥዋ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣ እንደምን ከረማችሁ። ጎጃም ውስጥ ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች ባንዱ ሲቪል ኢንጂነሪንግ አስተምራለሁ፣ ዲፓርትመንታችን ውስጥ ሴት እኔ ብቻ ነኝ፣ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ማን እንደሆነች መቼም አይጠፋችሁም (ጽሑፍሽ ያምራል ይሉኛል፣ አያምርም)።

አምና ስለ ጥቁር አፈር የጻፍኩት የፒኤችዲ ፕሮፖዛሌ ሁለቴ ተመልሶብኝ ልተወው ስል ባህር ዳር ፖሊ የምታስተምር አንዲት እህት በቴሌግራም ላኪልኝ አለችኝና ማታ ማታ ልጆቿን እያስተኛች አንብባ ዳር ዳሩን በቀይ ሞልታ መለሰችልኝ። "አፈሩ ከስንት ሜትር ጥልቀት ነው የወጣው?" ትላለች። ጥቁር አፈር ክረምት ያብጣል በጋ ይሰነጠቃል፣ ጥልቀቱ ካልተጻፈ ውጤቱ ምን ይረባል፣ እኔ ረስቼው ነበር!

ግን ይሄ በሷ ደግነት የሆነ ነው። አሜሪካኖቹ በነሱ አቆጣጠር ከ2001 ጀምረው በብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽናቸው በኩል አድቫንስ በሚባል ፕሮግራም ለሴት የሳይንስና የኢንጂነሪንግ መምህራን ብለው ለዩኒቨርሲቲዎች በጀት ሲሰጡ ኖረዋል። የኛው ገንዘቡ እንኳ ቢቀር፣ ደብረ ማርቆስ፣ እንጅባራና ባህር ዳር ያንድ አስፋልት ልጆች ናቸው፣ በሴሚስተር አንዴ ቢያገናኙን፣ ላብ ብንዋዋስ፣ ሜንተር (መካሪ) መሆንም እንደ ቃለ ጉባኤው በነጻ ከሚሆን ከማስተማር ሎድ (ከሥራ ሰዓታችን) ቢቆጠር ምናለበት?