ሰርቨር ሲወድቅ፦ በጅማ ላላችሁ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ጅማ ከተማ ውስጥ ሕዝብ ለምታገለግሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፣

በቅድሚያ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የጅማ ነዋሪ ነኝ። እንጀራዬም ኮምፒውተርና ሰርቨር (የመሥሪያ ቤቱን መረጃ የሚይዘውን ዋና ኮምፒውተር) መጠገን ነው። የምጽፍላችሁ በቅርቡ በአንድ መሥሪያ ቤት ስላየሁት ነገር ነው። ስሙን አልጠራም፤ ችግሩ የአንድ ቤት ብቻ አይደለምና።

ከሰዓት በኋላ ነበር። ዝናቡ ወረደ፣ መብረቁ ጮኸ፣ መብራት ሄደ። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ። መብራቱ ሲመለስ ሰርቨሩ አልተመለሰም። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ «ሲስተም የለም» አለች። ከገጠር የመጡ አንዲት እናት ዶክመንታቸውን በፌስታል ጠቅልለው እንደያዙ «ነገ ልምጣ ልጄ?» አሏት። የምትመልስላቸው አልነበራትም።

ውስጥ ያየሁት ደግሞ ይበልጥ አሳሰበኝ። አንድ ሠራተኛ ሰርቨሩን ያጠፋዋል፣ ያበራዋል። ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ መውረድ ይጀምርና ቀጥ ይላል። ትንሽ ይጠብቅና እንደገና ያጠፋዋል። በእሱ አልፈርድም። ባለጉዳይ በር ላይ ነው፣ አለቃ ስልክ ላይ ነው፤ እንዲህ ሲሆን ይህን አድርግ የሚል ወረቀትም ማንም አልሰጠውም።

ግን ማሽኑ ቀጥ ያለ ሲመስል ብዙ ጊዜ ሥራ ላይ ነው። መብራት ድንገት ሲቋረጥ በመጻፍ ላይ የነበረ መረጃ ግማሹ ዲስኩ ላይ ያርፋል፣ ግማሹ ሳይጻፍ ይቀራል። ዳታቤዙ (መዝገቦቹን የሚያስቀምጠው ፕሮግራም) ሲነሳ ሎጉን፣ ማለትም የተሠራው ሁሉ በተራ የተጻፈበትን ማስታወሻ፣ ያነባል፤ ያለቀውን ያጸናል፣ ያላለቀውን ይሰርዛል። መረጃው ብዙ ከሆነ ጊዜ ይፈጃል። መሃል ላይ ካጠፋችሁት ሥራውን እንደገና ሊጀምር ነው። ዲስኩ ራሱ ተጎድቶ ከሆነ ደግሞ በተነካካ ቁጥር ይብስበታል።

ስለዚህ መጀመሪያ እጅ መሰብሰብ ነው። ዩፒኤሱ (መብራት ሲሄድ ማሽኑን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው ባትሪ) እና ፓወር ሰፕላዩ (ለማሽኑ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ክፍል) ደህና ናቸው? ዲስኩስ? ካጠራጠረ ከማንኛውም ጥገና በፊት ሙሉ ቅጂው ሌላ ዲስክ ላይ ይወሰድ። ፋይል ሲስተም (ፋይሎች ዲስኩ ላይ የተደረደሩበትን ሥርዓት) የሚያርም ፕሮግራም በአንድዬው ቅጂ ላይ አይሞከርም፤ አስተካክላለሁ ብሎ ፋይል ሊበላ ይችላል። ከዚያ ሎጉ ይነበብ። አንዳንዴ ምክንያቱ እዚህ ግባ የማይባል ነው። የማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ትንሿ ባትሪ አልቃ የማሽኑ ቀን ዓመታት ወደኋላ ሲሄድ፣ ሲስተሙ ማንንም አላስገባም ሊል ይችላል።

«ሁለት ዲስክ አለን፣ አንዱ የሌላው ግልባጭ ነው» የሚሉ ኃላፊዎች አሉ። አንዱ ዲስክ ሲሞት ይጠቅማል። በስህተት የተሰረዘ ፋይል ግን ከሁለቱም ይጠፋል፤ መብረቅም ሁለቱን ባንዴ ሊያቃጥል ይችላል። ባክአፕ የሚባለው ሌላ ቦታ የተቀመጠና ተመልሶ የተሞከረ ቅጂ ነው። መሞከሩ ላይ ነው ነገሩ። ጊትላብ የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ዋና ዳታቤዙ በስህተት ተሰረዘበት። የባክአፕ ዘዴ ሞልቶት ነበር። በቸገረው ሰዓት ግን የጠበቃቸው አልሠሩለትም። ያዳነው አንድ መሐንዲስ ለሌላ ሥራ ብሎ፣ ከመሰረዙ 6 ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ የወሰደው ቅጂ ነው። በመሃል የተመዘገበው መረጃ ጠፍቶ ቀረ።

የምለምናችሁ ይህን ነው። በዚህ ወር አንድ ቅዳሜ ምረጡ። ባክአፑን ሌላ ማሽን ላይ መልሱና የአንድ ባለጉዳይ ፋይል ክፈቱ። ተከፈተ? ስንት ሰዓት ፈጀ? ያንን ጻፉት፤ ባለጉዳይ መቼ ልመለስ ሲል በቁርጥ ይነገረው። ሲስተም በሌለ ቀንም ጉዳዩ በወረቀት ይመዝገብ፣ ስልክ ቁጥሩም ይያዝ። የዩፒኤስ ባትሪ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው የሚያገለግለው፤ የተገዛበት ቀን ይለጠፍበት።

ባለሙያ የለንም እንዳትሉ። ጅማ ዩኒቨርሲቲያችን ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ውስጥ ይህንኑ ያስተምራል። እኔም ብትጠሩኝ ያለ ክፍያ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጅማ ነዋሪ