አሳማው ፀረ እንግዳ አካል ተገኘበት ማለት በሽታውን አስተላለፈ ማለት አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ጉበትን ስለሚያጠቃው የቫይረስ በሽታ፣ ስለ ሄፓታይተስ ኢ፣ ሲዘገብ አንድ ዝላይ ይደጋገማል፤ በአሳማዎች ደም ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል (ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚያመርተው ፕሮቲን) ተገኘ ይባልና ወዲያው ታማሚውን ያስያዘው አሳማ ነው ይባላል። ፀረ እንግዳ አካል የሚመሰክረው እንስሳው ከዚህ ቀደም በቫይረሱ መያዙን ብቻ ነው።

መጀመሪያ የሚጣራው ጂኖታይፑ፣ ማለትም የቫይረሱ የዘረመል ዓይነት ነው። 1 እና 2 የሰው ናቸው፤ በአብዛኛው በሰገራ በተበከለ ውሃ ይዛመታሉ። ከአሳማ፣ ከዱር አሳማና ከአጋዘን ወደ ሰው የሚሻገሩት በዋናነት 3 እና 4 ናቸው። የታማሚው ቫይረስ ጂኖታይፕ 1 ከሆነ በረት ለበረት መዞር ትርፉ ድካም ነው፤ ውሃው ይመርመር።

ሕመሙ የሚታየው ከተያዙ ከ2 እስከ 10 ሳምንት በኋላ ስለሆነ ባለፈው ሳምንት ምን በላህ ብሎ መጠየቅም አይጠቅም። ያለፉት 10 ሳምንታት በሙሉ ይጠየቁ፦ በደንብ ያልበሰለ ጉበት፣ ጉበት የገባበት ቋሊማ፣ የአደን ሥጋ፣ የበረት ሥራ፣ ለታማሚው የተሰጠ የሌላ ሰው ደም። የደምና የሰገራ ናሙና ሳይዘገይ ተወስዶ ይቀዝቅዝ። የቫይረሱ ዘረመል የሆነው አርኤንኤ ከፈራረሰ፣ ያንን ዘረመል አባዝቶ የሚፈልገው የፒሲአር ምርመራ ቫይረሱን ያጣዋል፤ ታማሚውም ነጻ ይመስላል።

አስቸጋሪው የአሳማው ወገን ነው። ግልገሎች ከእናታቸው ያገኙት መከላከያ ሲያልቅ፣ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ወር ዕድሜ ላይ ይያዛሉ፤ ሕመም ሳያሳዩም ለሳምንታት ቫይረሱን በሰገራ ያወጣሉ። መርማሪው እርባታው ሲደርስ ሥጋው የተበላው አሳማ ከታረደ ቆይቷል፤ በረት ያሉት ሌሎች ናቸው። ከማቀዝቀዣ የተገኘ የተረፈ ቁራጭ ከመቶ የደም ናሙና ይበልጣል የምንለው ለዚህ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ የአጋዘን ጥሬ ሥጋ የበሉ ሰዎች ሲታመሙ፣ በረዶ ሆኖ ከቆየው ትርፍራፊ የተገኘው ቫይረስ የዘረመል ቅደም ተከተል ከታማሚዎቹ ጋር ተገጣጠመ። ከሥጋው ያልበሉ ወይም ጥቂት ብቻ የቀመሱ ቤተሰቦቻቸው አልተያዙም። ማስረጃ እንዲህ ነው። ሲነጻጸርም ከ7,200 ገደማው የቫይረሱ የዘረመል ፊደል አጭር ቁራጭ ብቻ መርጦ ተመሳሰለ ማለት አይበቃም፤ በአካባቢው የሚዞሩ ሌሎች ቫይረሶችም በዚያው ቁራጭ ሊመሳሰሉ ይችላሉ።

ስለ ማብሰልም እንጨምር። በጉበት ምግብ ላይ በተደረገ ሙከራ ቫይረሱ ሙሉ በሙሉ የከሸፈው የምግቡ ውስጥ 71 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ 20 ደቂቃ ሲቆይ ነው፤ የላዩ መጥቆር ምንም አይነግርም። በበሰለ ሥጋ ላይ ፒሲአር አርኤንኤ ቢያገኝ ደግሞ የሞተ ቫይረስ ቅሪት ሊሆን ስለሚችል፣ «የተበከለ ምግብ ተሸጠ» ተብሎ ከመታተሙ በፊት ናሙናው ከመብሰሉ በፊት ይሁን በኋላ የተወሰደ ይጠየቅ።

የእንስሳት ጤናና የላቦራቶሪ ባለሙያዎች