አለሁ ወይ

ሆኖሉሉ፣ ታኅሣሥ

ይድረስ ለምወድዎት አባቴ፣

እንዴት ሰነበቱ አባባ? እማዬስ? ሰላምታውን አላበዛውም። ይህን የሚያደርስልኝ ልጅ ነገ ማታ ይበርራል፤ እኔም ከሥራ ገብቼ ገና ጫማዬን አላወለቅሁም። አምስት ወር ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ አሁን በወረቀት መምጣቴ እንደሚያስቆጣዎት አውቃለሁ። ሚጣ በስልክ የላከችልኝን ሰምቻለሁ። «አባባ ማታ ማታ በሩን አትዝጉ ይሉናል፤ ልጄ ይደውል ይሆናል እያሉ» አለችኝ። ስልክና በር ምን እንዳገናኛቸው ባላውቅም ገብቶኛል።

ደህና ነኝ። ሥራው እንደነገርኩዎት የሆቴል ነው። ብርድ የሚባል ነገር የለም፤ ታኅሣሥም ሐምሌም እንደ ኮምቦልቻ ነው። ያልደወልኩት ረስቼ አይደለም። ባዶ እጄን መደወል ከብዶኝ ነው፤ አንዴ ካለፈ በኋላ ደግሞ የዘገየው ራሱ አሳፈረኝ። በዚህ ይቅር ይበሉኝ።

ሁለት ነገር ይደርስዎታል። አንደኛው ገንዘብ ነው። መጀመሪያ ለምርመራዎ ይወጣል፣ የተረፈው ለሚጣ ሠርግ። ተራውን እንዳይገለብጡብኝ። እግሬ ደነዘዘ ያሉት የእርጅና ነው ብለው የሚያልፉት አይደለም አባባ። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ቢቆስል እንኳ ላይሰማው ይችላል፤ ስለዚህ ማታ ማታ እማዬ መብራት ይዛ የውስጥ እግርዎን ትይልዎት። በባዶ እግር ወደ ጓሮ መውጣት ይቅር። ደግሞ ሰንጋው አንድ ይበቃል። የጎረቤት አፍ አንድም ቢታረድ ሦስትም ቢታረድ ማውራቱን አይተውም።

ሁለተኛው ሸክላ ነው። ቀስ ብለው ይክፈቱት፤ በሹራብ ጠቅልዬዋለሁ፣ ሹራቡም የእርስዎ ነው። ያገለገሉ ሸክላዎች ከሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ካርቶን ስበረብር ነው ያገኘሁት። ሽፋኑ እንደ በፊቱ የዘንባባና የጀልባ ሥዕል አይደለም፤ ዘፈኑ ግን ያው ነው፣ የእኛው «አለሁ ወይ»።

እስኪ ልጠይቅዎት፤ ያንን የመጀመሪያውን ከአሥመራ ሲያመጡት ስንት ሰዓት ጭንዎ ላይ ይዘውት ነበር? ስንት ጊዜ ነገሩን። ቃኘው ስቴሽን፣ የአሜሪካኖቹ ጦር ሰፈር ሲሠሩ፣ ከሃዋይ የመጣ ወታደር ወደ አገሩ ሲመለስ ሸክላውን ከነማጫወቻው ሰጠዎት፤ በ1967 አሥመራ ስትታወክ እርስዎ ልብስዎን ትተው ሸክላውን ይዘው ወጡ። እማዬ ይህን ስትሰማ ሁልጊዜ «ኮቱን ቢያመጣው ይሻል ነበር» ትላለች። ደሴ ብርድ ላይ እውነቷን ነው።

ፋሲካ ሲሆን ዶሮው ከተበላ በኋላ ይከፍቱታል። መርፌው እዚያች ቦታ ላይ ሲደርስ ይያዝና «አለሁ ወይ፣ አለሁ ወይ፣ አለሁ ወይ» ይላል። እማዬ ከጓዳ «አለህ! አለህ! ማን የለህም አለህ!» ትላለች። እኛ መሬት ላይ እንንከባለላለን። ዘፋኟ በአማርኛ የምትጠይቅ ይመስለኝ ነበር፤ ትምህርት ቤት ገብቼ እንኳ ለጓደኞቼ አባቴ የአማርኛ የሃዋይ ዘፈን አለው እላቸው ነበር።

አሁን ትክክለኛውን ልንገርዎት፤ አብራኝ ከምትሠራ የአገሩ ተወላጅ ከሆነች አሮጊት ነው የሰማሁት። «አሎሃ ኦኤ» ነው የሚለው። አሎሃ ፍቅርም ነው፣ ሰላምታም ነው፣ ስንብትም ነው። ኦኤ አንቺ ማለት ነው፤ አንተም ይሆናል። የመሰናበቻ ዘፈን ነው አባባ። እኛ እኮ በዓል በመጣ ቁጥር ስንጨፍርበት ኖረናል። በእኛ ቤት ምን ማለት እንደሆነ ስነግራት ጋሪዋን ደግፋ ሳቀች፤ ከዚያ ወዲህ ጠዋት ስታገኘኝ ሰላምታዋ «አለሁ ወይ» ሆኗል።

የጻፈችው ንግሥት ናት። ሊሊኡኦካላኒ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1878፣ ገና ሳትነግሥ፣ ማውናዊሊ ከሚባል ቦታ በፈረስ ሲመለሱ ሁለት ሰዎች ተቃቅፈው ሲሰነባበቱ አይታ ነው ይላሉ። በ1891 ነገሠች፤ በ1893 የነጭ ነጋዴዎች ተባብረው፣ የአሜሪካ ወታደርም ከመርከብ ወርዶ፣ ከዙፋኗ አወረዷት። በ1895 ደግሞ በገዛ ቤተ መንግሥቷ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ውስጥ ስምንት ወር ያህል አሰሯት። በዚያው ዓመት መስከረም ነው እኛ ዘንድ አጤ ምኒልክ ክተት ያወጁት። እቴጌ ጣይቱ በገና ይደረድሩ ነበር እያሉ ይነግሩን የለ? ይህችም ታስራ ዜማ ትደርስ ነበር። ክፍሉን ገብቼ አይቼዋለሁ። ቁርጥራጭ ሐር እየገጣጠሙ በእስራት የሰፉት የአልጋ ልብስ በመስታወት ውስጥ ተዘርግቷል፤ ክሩ የእጅ ክር ነው፣ አንዳንዱ ቦታ ላይ ጠበቅ ብሎ ጨርቁን ሰብስቦታል። እማዬ ብታየው «ይሄን ስትሰፋ ተናድዳለች» ትል ነበር።

እና መሰለዎት፣ ሰዉ ያንን የሁለት ሰዎች ስንብት ለአገራቸው ስንብት አድርጎ ይሰማዋል። እነሱም እንደ እኛ ሰምና ወርቅ አላቸው፤ ካኦና ይሉታል። ላዩ ስለ ዝናብ፣ ስለ ተራራ አበባ ነው፤ ውስጡን የሚያውቀው ያወቀ ነው። ይህን ስሰማ መጀመሪያ ትዝ ያሉኝ እርስዎ ነዎት፤ የቅኔ ቤት ሰው ስለሆኑ ሳይነገርዎት ጠርጥረው ነበር እንዴ? አንድ ፋሲካ ላይ ሁላችን ስንስቅ እርስዎ መስኮቱን ይዘው ቆመው ነበር።

ሸክላው ላይ የሚያለቅሰው ጊታር ነው ማሲንቆ የሚለውን የእማዬና የእርስዎንም ክርክር ጨርሼላችኋለሁ። ዋይኪኪ ዳር እ.ኤ.አ. በ1901 የተከፈተ አሮጌ ሆቴል አለ፤ ግቢው ውስጥ ቅርንጫፉ ሥር የሚያወርድ ትልቅ ዛፍ አለ። ከ1935 ጀምሮ አርባ ዓመት ያህል በራዲዮ ለዓለም ይተላለፍ የነበረው የሃዋይ ዘፈን መነሻው እዚያ ነው፤ የማዕበሉን ድምፅ ሳይቀር ያሰሙ ነበር። የባሕሩ ዳር የሕዝብ ስለሆነ አሸዋው ላይ ተቀምጦ ማዳመጥ አይከፈልበትም። አንድ ሽማግሌ ጊታሩን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ ክሩን ወደ ሰማይ አድርጎ፣ በግራ እጁ የብረት ዘንግ ይዞ ክሩ ላይ ያንሸራትታል። በጣቱ አይጫንም። ለዚህ ነው ድምፁ ሳይቆረጥ ከአንዱ ወደ ሌላው እንደ ለቅሶ የሚሄደው። እንግዲህ ጊታር ነው፣ አባባ ረትተዋል። ግን አካሄዱ የማሲንቆ ነው፤ እማዬም አልተረታችም። ጆሴፍ ኬኩኩ የሚባል ላዪኤ የተወለደ ልጅ ነው የጀመረው ይላሉ፣ ገና ተማሪ ሳለ።

እማዬ፣ እዚህም ቡና ይበቅላል፤ ኮና ይሉታል። ዋጋውን ብነግርሽ ጀበናውን ከእጅሽ ትጥይዋለሽ። እኔ የምቆላው ግን አንቺ የላክሽልኝን ነው፤ አልቋል ግን አልጠየቅሁሽም።

አባባ፣ ለሠርጉ አልመጣም። ፈቃድ አላገኘሁም። ከዚህ በላይ አያስጽፉኝ።

ልጅዎ


ሚጣ፣ ይህን ቅጠል ለብቻሽ አንብቢው። የላይኛውን ለአባባ ስታነቢላቸው ይሄኛውን ደብቂው።

«አንተማ ገነት ውስጥ ነህ» ያልሽው አንጀቴን በላው። እውነቱን ልንገርሽ። የምሠራው ላውንደሪ ነው፣ ሌሊት። አንሶላ ከማሽን አወጣለሁ፣ ተኩሼ አጥፋለሁ፣ ጋሪ ላይ እደረድራለሁ። ባሕሩን የማየው ወደ አውቶቡስ ስሄድ ነው፤ ከላይ የነገርኳቸው ሽማግሌም አራት ዓመት ሙሉ ያየሁት ሁለት ቀን ነው። አባባ ቃኘው ምን ይሠሩ እንደነበር ታውቂያለሽ፤ «ልጆቼ የአሜሪካን አንሶላ አያጥቡም» ሲሉ ስንት ጊዜ ሰምተናል። እንዴት አድርጌ ልንገራቸው? በጋው ላይ ሰዓት ቀንሰውብን ነበር፤ የኪራይ እንኳ አልበቃኝም። ዝም ያልኩት ለዚያ ነው። ገንዘቡ አሁንም ትንሽ ነው፣ ግን ብድር አይደለም። ወረቀቴም አላለቀም፤ ብወጣ መመለሻ የለኝም። ይህን ደግሞ አንቺም ሳትረጂው ቀርተሽ አይመስለኝም፤ ተናድደሽ ነው እንጂ።

ሌላም አለ። ያንን ሸክላ የቧጨርኩት እኔ ነኝ፣ በምስማር። ዘፈኑ ተከፍቶ የሚወጣ መስሎኝ ነበር። የተገረፍሽው አንቺ ነሽ፤ አምስት ዓመትሽ ነበር፣ ሽንኩርት መደርደሪያው ሥር ገብተሽ አልወጣም ብለሽ አመሸሽ። እኔ አጠገብሽ ቁጭ ብዬ ዳቦዬን ሰጠሁሽ፤ አንቺ ደግነት መሰለሽ። ለአባባ ከፈለግሽ ንገሪያቸው፤ ሠርግሽ ነውና ፍርዱን ላንቺ ትቼዋለሁ።

ሽማግሎቹ ሲመጡ ታላቅ ወንድምሽ ቆሞ መቀበል ነበረበት። የሠርጉ ቀን ሠርገኛ አናስገባም ብሎ በሩን የሚይዘው ማን ነው? የአጎታችን ልጅ ከሆነ ቶሎ ነው የሚለቀው፤ ጉቦ አይጠላም። ብዙ አስከፍሉበት። እጮኛሽን ሁለት ጊዜ በስልክ አናግሬዋለሁ፤ ቶሎ የማይስቅ ሰው ነው፣ ወድጄዋለሁ። ቀሚስሽ እጅጌ አለው ወይ? ጥር ነው፣ ደሴ ነው።

የማጫወቻዋን መርፌ በክብሪት ቀፎ አድርጌ የሹራቡ እጅጌ ውስጥ ከትቻታለሁ። አዲሱ ሸክላ አይነክስም፤ እዚያች ቦታ ሲደርስ አንዴ ብሎ ያልፋል። እማዬ ቅር እንዳይላት አስቀድመሽ ንገሪያት።

ስትወጪ ስንት ሰዓት ነው? ስድስት ሰዓት ከሆነ እዚህ ገና ቅዳሜ ማታ አምስት ሰዓት ነው፣ ሥራ ላይ ነኝ። የአባባን ስልክ ክፍት አድርገሽ ማጫወቻው አጠገብ አስቀምጪልኝ። እኔ የእኔን ኪሴ ውስጥ አደርገዋለሁ። ምንም ባልመልስ ማሽኑ ነው የሚጮኸው፤ አለሁ።