ሶፍትዌራችሁ ሰርቨራችንን ስሙን ሳይሆን ሙያውን ይጠይቅ

ለሶፍትዌር አቅራቢያችን የደንበኞች ድጋፍ ክፍል

ጉዳዩ፦ የደመወዝ ሶፍትዌሩ ከዳይሬክተሪ ሰርቨራችን ጋር አልገናኝም ስላለበት ምክንያት የቀረበ ቅሬታ

ጤና ይስጥልን።

የሰው ኃይልና የደመወዝ ሶፍትዌራችሁን የምንጠቀም ደንበኞች ነን። እኔ የመሥሪያ ቤቱን ሰርቨሮች አስተዳድራለሁ። በስልክ ደጋግመን ተነጋግረናል፤ ጠብ ያለ ነገር ስለሌለ በጽሑፍ ማቅረቡን መርጫለሁ።

የሠራተኞቻችን ስም፣ የይለፍ ቃልና የሥራ ክፍል ያለው «389 ዳይሬክተሪ ሰርቨር» በተባለ የተጠቃሚዎች ማውጫ ላይ ነው። ሶፍትዌራችሁ ማን እንደገባና ምን ማየት እንደሚፈቀድለት በኤልዳፕ (እንዲህ ያሉ ማውጫዎች በሚጠየቁበት የጋራ ቋንቋ) ከዚያ ይጠይቃል። ማስተካከያዎች ስለወጡለት ሰርቨሩን ከ1.3.9 ወደ 1.3.10 አሳደግነው። ኢሜይሉም፣ ቪፒኤኑም፣ ዋይፋዩም ምንም አልሆኑም። የእናንተው ብቻ «የሰርቨሩ ስሪት አርጅቷል፤ 1.3.9 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል» ብሎ አሻፈረኝ አለ። ያውም ደመወዝ በሚሠራበት ሳምንት። ባንክ ቤት ስንሰማው ደማችን የሚፈላውን «ሲስተም የለም» የሚለውን ነገር ፋይናንስ ክፍላችን በር ላይ ወረቀት ተለጥፎበት አነበብነው።

የሰርቨሩን ሎግ ከፍቼ አየሁ። ሶፍትዌራችሁ እንደተገናኘ መጀመሪያ ሩት ዲኤስኢን ያነባል። ይህ ሰርቨሩ ስለራሱ የሚናገርበት፣ ስሙ ባዶ የሆነው መዝገብ ነው። እስከዚህ ደግ ነው። ግን ከዚያ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ቬንደርኔምንና ቬንደርቨርዥንን። ማን ሠራህ፣ ስሪትህ ስንት ነው። መልሱ ይደርሰዋል። ቀጣዩ መስመር ግንኙነቱን መዝጋቱን የሚያሳይ ነው። በመካከል ምን መሥራት እንደምትችል ንገረኝ የሚል አንድም ጥያቄ የለም። ሠራተኛ ሊቀጥር ተቀምጦ «የየት አገር ልጅ ነህ?» ካለ በኋላ ሙያውን ሳይጠይቅ እንደሚያሰናብት አለቃ ማለት ነው።

አሥር ከዘጠኝ ያነሰበት ምክንያትም ግልጽ ነው። ኮዳችሁን ባላየውም ሌላ ማብራሪያ አይታየኝም። የሚያወዳድረው ቁጥሩን እንደ ቁጥር ሳይሆን እንደ ጽሑፍ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ምልክት በምልክት ነው። ከሁለተኛው ነጥብ በኋላ በአዲሱ ላይ የሚመጣው 1 ነው፤ በአሮጌው ላይ 9። 1 ከ9 ስለሚቀድም አዲሱ አሮጌ ሆነ።

ይህችን ስህተት ብታርሙልኝ ቅሬታዬ ያልቃል ብላችሁ ግን አታስቡ። ማወዳደሩ ራሱ እዚያ ቦታ ላይ መኖር አልነበረበትም።

ቬንደርኔምና ቬንደርቨርዥን የተባሉትን ሁለት አትሪቢዩቶች (የመዝገቡን መስኮች) ያስተዋወቀው አርኤፍሲ 3045 የተባለው የኢንተርኔት ቴክኒክ ሰነድ ነው። በጥር 2001 በአውሮፓ አቆጣጠር የወጣ፣ የሶፍትዌር ኩባንያው የኖቬል ባልደረባ ማርክ ሜሬዲዝ የጻፈው አጭር ሰነድ ነው። በሻይ ሰዓት ያልቃል። ሰነዱ መረጃው ለማሳያና ለማወቂያ ያህል እንደሆነ ይናገራል፤ ሰርቨሩ ምን እንደሚችል ለማወቅ ግን እንዳትጠቀሙበት ብሎ በግልጽ ይከለክላል። ስሪቱም እኩል ነው ወይስ አይደለም ተብሎ ብቻ እንዲነጻጸር እንጂ ያንሳል ወይም ይበልጣል እንዲባል አልተፈለገም። ምክንያቱንም በምሳሌ ያስረዳል። 8.0 ላይ ችግር አለ እንበል። 8.5 ላይ ተፈታ። በመካከል የወጣው 8.01 ግን እሱም ፈትቶታል። «ከ8.5 በታች አልሠራም» የሚል ክላይንት (ሰርቨሩን የሚጠይቅ ፕሮግራም) ደህናውን 8.01 ያለ ጥፋቱ ይመልሰዋል። የእኛ ጉዳይ እንዲያውም ከዚህ ይብሳል።

ሰነዱ አስገዳጅ ስታንዳርድ አይደለም፣ ለመረጃ ብቻ የወጣ ነው ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ግን አትሪቢዩቶቹን የፈጠረው እሱ ነው። በእነሱ ለመጠቀም ከወሰናችሁ ለምን እንደተሠሩ ማንበብ የሚከብድ አይመስለኝም።

የችሎታው ጥያቄ መልስ ደግሞ እዚያው ሩት ዲኤስኢ ላይ ተቀምጧል። ሰፖርትድኮንትሮል፣ ሰፖርትድኤክስቴንሽንና ሰፖርትድፊቸርስ የተባሉት፣ ሰርቨሩ የሚችለውን የሚዘረዝሩት መስኮች ለዚሁ ነው የተሠሩት፤ በ2006 የወጣው አርኤፍሲ 4512 ላይ ተዘርዝረዋል። ባለሙያችሁ ሶፍትዌሩ የሠራተኛውን ዝርዝር ገጽ በገጽ መቀበል ስላለበት ነው ስሪት የሚፈትሸው ብሎኛል። ይህን የሚያስችለው ኮንትሮል (ከጥያቄ ጋር የሚላክ ተጨማሪ ትእዛዝ) መለያ 1.2.840.113556.1.4.319 ነው። ከዚያው ከፋይናንስ ኮምፒውተር፣ በዚያው የተጠቃሚ ስም ጠየቅኩት። መለያው ዝርዝሩ ውስጥ አለ። ከዚያ ዝርዝሩን ገጽ በገጽ አስመጣሁት፤ መጣ። ሶፍትዌራችሁ የሚፈልገው ነገር ሁሉ አለ፣ አልጠየቀም እንጂ።

ማስታወቂያችሁ «ከማንኛውም የኤልዳፕ ሰርቨር ጋር ይሠራል» ይላል። የማይክሮሶፍቱ ማውጫ ሰርቨር አክቲቭ ዳይሬክተሪ ቬንደርኔም የሚባል ነገር ጭራሽ አያወጣም። ሌላው የኤልዳፕ ሰርቨር ኦፕንኤልዳፕም አስተዳዳሪው ካልጨመረበት በቀር እንዲሁ ነው። እነዚያን የሚጠቀሙ ደንበኞቻችሁን እንዴት እንደምታስተናግዱ አላውቅም፤ ለእያንዳንዱ ሌላ «ካልሆነ» የሚል ኮድ እየጻፋችሁ ከሆነ ግን እግዚአብሔር ይርዳችሁ። ነገ እኔም ስሪቱን ላልታወቀ ሰው ማሳየት አልፈልግም ብል፣ ይህም መብቴ ነው፣ ሶፍትዌራችሁ እንደገና ይቆማል።

የድጋፍ ባለሙያችሁ ጨዋ ልጅ ነው፤ ቅሬታዬ በእሱ ላይ አይደለም። የሰጠኝ አማራጮች ግን የሚቀበሏቸው አይደሉም። አንደኛው ወደ 1.3.9 ተመለሱ የሚል ነው። ለአንድ ፕሮግራም ብዬ የመሥሪያ ቤቱን ሁሉ በር የሚጠብቀውን ሰርቨር ወደ ኋላ አልመልስም። ሌላው የስሪቱን ጽሑፍ ቀይራችሁ የድሮውን አስመስሉ የሚል ነው። አትሪቢዩቱ ተጠቃሚ እንዳይነካው ተደርጎ የተገለጸ ነው። ቢነካም ሰርቨሬን አላስዋሽም፤ ችግር ሲመጣ እውነተኛውን ስሪት ማወቅ የሚፈልገው የመጀመሪያው ሰው እኔው ነኝ። ሦስተኛው አዲሱን የሶፍትዌር እትም ግዙ የሚል ነበር። ዓመታዊ የድጋፍ ክፍያ የምንከፍለው ታዲያ ለምንድን ነው?

ስለዚህ የስሪት ፍተሻው ከመግቢያው ላይ ይነሳልን። በምትኩ ሶፍትዌሩ የሚያስፈልገውን ኮንትሮል ሰፖርትድኮንትሮል ላይ ይፈልግ። ካላገኘ ምን እንደጎደለ በስሙ ይንገረን፤ «አርጅቷል» አይበለን። ስምና ስሪቱን «ስለ ሲስተሙ» በሚለው ገጽና በሎጉ ላይ አሳዩት፣ እዚያ በጣም ይጠቅማል። በአንድ የታወቀ ስሪት ላይ ስህተት ካገኛችሁና ማለፊያ መንገድ ካስፈለጋችሁም ያንን ስሪት ብቻ በትክክል ለዩት፤ ከሱ በፊትና በኋላ ያሉትን አትንኩ።

ማስተካከያው በድጋፍ ውላችን መሠረት ያለ ተጨማሪ ክፍያ፣ ከሚቀጥለው የደመወዝ ሳምንት በፊት እንዲደርሰን እጠይቃለሁ። እስከዚያ ፍተሻውን የሚያጠፋ ጊዜያዊ ፋይል ብትልኩልን እኛው እንጭነዋለን። ሎጉን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ፤ ፕሮግራም ጸሐፊዎቻችሁ ራሳቸው እንዲያዩት አደራ እላለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የኔትወርክና የሰርቨር አስተዳዳሪ

ግልባጭ፦
ለፋይናንስ ክፍል
ለግዢ ክፍል፣ የድጋፍ ውሉ ከመታደሱ በፊት እንዲታይ